ከወንድሜ ደም ጋር የመጣው

የመጀመሪያው ምልክት ማቅለሽለሽ ነበር፤ የመጣብኝም ሰው በተሰበሰበበት፣ በልጄ ክርስትና ዕለት ነው። ሮቤ፣ በደርግ ዘመን። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ዶሮ ወጡ ሲቀርብ ቅቤው ሸተተኝ። ጓሮ ሳልደርስ ደጃፍ ላይ አስታወክኩ።

ሴቶቹ ተያዩ። ባለቤቴ የዘመተው ሆዴ ገና ሲገፋ ነው፤ ልጁን እንኳ አላያትም። አማቴ እማማ አስካለ ውኃ አቀበሉኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ምነው ልጄ፣ የሰው መሣቂያ አታድርጊን እንጂ» አሉኝ። ምን እንደጠረጠሩ ገባኝ። በቁሜ ሞትኩ።

ከዚያ በኋላ ሕመሜን ደበቅኩ። ሽንቴ እንደ ጠላ ጠቆረ። ክሊኒክ ብሄድ «ልታስወርድ ሄደች» የሚሉኝ መሰለኝ። ዓይኔ ቢጫ ሲሆን ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ አወረድኩ። በመጨረሻ ወደቅኩ።

በጭነት መኪና ጋቢና ጎባ ሆስፒታል አደረሱኝ። ዶክተሩ ዓይኔን ገልጦ አየና፣ «ደም ወስደሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ስወልድ ብዙ ደም ፈስሶኝ ወንድሜ ግርማ እንደሰጠኝ ነገርኩት።

«ሄፓታይተስ ነው፤ ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ። ከደሙ ጋር መጥቶ ይሆናል። ደም ስንወስድ ዓይነቱን እናያለን፤ ቫይረሱን የምናይበት ምርመራ ግን የለንም።»

ደስ አለኝ። እማማ አስካለ አጠገቤ ቆመው ስለሰሙ ደስ አለኝ። ቀና ስል ግርማ በሩ ላይ ቆሟል።

እሱም ያኔ ተናገረ። ከዓመት በፊት ዲንሾ ሲሠራ ወፍ መትቶት ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነበር። መድኃኒት አዋቂው ቅጠል አጠጥቶ፣ «ለሰው ከተናገርክ ይረክሳል» ብሎታል። ደም ሲሰጥ ታመህ ታውቃለህ ወይ ቢባል የለም ያለው ለዚህ ነው። የሌሊት ወፍ በላያችን ሲያልፍ የሚይዘን ነገር የጉበት በሽታ መሆኑን ማን ነግሮን?

ዶክተሩ እረፍት አዘዘልኝ፤ አረቄም ቅጠልም እንዳልቀምስ አስጠነቀቀኝ። ቅቤ ያልነካው የገብስ አጥሚት እየጠጣሁ፣ መጀመሪያ አልጋዬ ላይ ቁጭ ማለት፣ ቀጥሎ ልጄን ማቀፍ፣ ቆይቶም ደጅ ወጥቼ ፀሐይ መሞቅ ቻልኩ። ግርማ ከቀበሌ ሱቅ የደረሰውን ስኳር ሁሉ ያመጣና ለአማቴ ሰጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ድምፁን እየሰማሁ ልጠራው እልና በዚያች ደስታዬ አፍሬ እተወዋለሁ።

ቅቤ የሸተታችሁ፣ ዓይናችሁ ቢጫ የሆነ፣ ሰው ምን ይለኛል ሳትሉ ቶሎ ታዩ። እኔን ሊገድለኝ የነበረው ይሉኝታ ነው። ደም የምትሰጡም፣ አዋቂው አትናገሩ ያላችሁን ለሐኪም ንገሩ። መድኃኒቱ ቢረክስ ይርከስ!

መራመድ ስችል ግርማ ቤት ሄድኩ። «ገደልኩሽ፣ እህቴ» አለኝ ወለሉን እያየ። ስወልድ ደም ስጡ ሲባሉ የባለቤቴ ዘመዶች አንድ በአንድ ሹልክ ብለው ወጥተው፣ እጅጌውን የሰበሰበው እሱ ብቻ ነበር።

«አንተ ባትሰጠኝ ኖሮ» አልኩት፣ «ቫይረሱ የሚይዘው ሰውም አይኖርም ነበር።»