እህቴ ማይኩ ላይ የተናገረችው

ይህ የሆነው በኮሮናው ዓመት፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ እዚሁ ዲላ ነው። ንዴቱ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ግማሹ በራሴ ላይ ስለሆነ ይመስለኛል።

ያኔ ሥራ ፈት ነበርኩ። ትምህርቴን አስረኛ ክፍል ላይ አቋርጬ፣ ያገኘሁትን ሁሉ እያነበብኩ ግጥም መጻፍ የለመድኩ ሰው ነኝ። የሰፈራችን የቅስቀሳ ኮሚቴ ይህን ሰምቶ፣ ሕዝቡ ከቤት እንዳይወጣ የሚመክር ግጥም ጻፍልን አለኝ። ጻፍኩ። እንዲህ ይጀምራል፦

ቤት ማለት ገነት ነው፣ እናት ያለችበት፣
ልጅ በጉልበቷ ላይ ሲስቅ የሚውልበት።

በጣም ወደዱት። ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ አስረው ማይክ ሰጡኝ። ሰፈር ለሰፈር እየዞርኩ አነብ ጀመር።

ታላቅ እህቴ ብርቱካን ከሁለት ልጆቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ቡና አራግፎ ሲመለስ አከራይዋ እትዬ አልማዝ፣ «ከአዲስ አበባ በሽታ ይዘህ አትገባም» እያሉ በሩን ይዘጉበታል። ስኳርና ሳሙና በአጥር አቀብሎ ይሄዳል። ልጆቹም ቧንቧ ይነካሉ ተብሎ ከክፍሉ ወደ ግቢው እንዳይወጡ ተከለከሉ። የሦስት ዓመቷ ልጅ ቀኑን ሙሉ በሩን በጫማ ትደበድባለች። የዘጠኝ ወሩ ልጅ ያለቅሳል።

እየሄድኩ አያት ነበር። ከሳምንት ሳምንት ጸጉሯን አበጥራ አላገኛትም። ሻይ አፍልታ መቅዳት ትረሳለች። «ደህና ነሽ?» ስላት፣ «እንቅልፍ ማጣት ብቻ ነው» ትለኛለች። ምንም ነገር አያመልጠኝም ብዬ የምኮራው እኔ፣ ያን ሁሉ አይቼ ገነት ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ባጃጃችን እሷ ወዳለችበት መንደር ታጠፈ። እንድትሰማኝ ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

በሩ ተከፈተ። ብርቱካን በባዶ እግሯ ወጣች። ሕፃኑን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ተመልሳ ትልቋን አመጣቻትና አጠገቤ አስቀመጠቻት።

«በል ገጣሚው፣ ገነቴን ይዤልህ መጣሁ። አሁን አንብበው!» አለች።

ማይኩ አልጠፋም ነበር። ጎንበስ ብላ ያዘችው።

«ዛሬ ጠዋት ይሄን ልጅ ዝም በል ብዬ ነቀነቅኩት። ማቆም አቃተኝ። እጄን ፈራሁት። ልጆቼን ከእኔ አስጥሉልኝ።»

ድምፅዋ መንደሩን አዳረሰው። አብሮን የሚዞረው የኮሚቴው አስተባባሪ፣ «አጥፋው! አጥፋው!» ይለኛል። ያሳሰበው ቅስቀሳው ነው።

ተራራቁ ሲባል የከረመው ሕዝብ ተፋፍጎ ሊያያት ተሰበሰበ። አንዱ ጋኔን ነው አለ። ሌላው ይዘን እንጸልይላት አለ። እትዬ አልማዝ አጥራቸው ላይ ተደግፈው፣ «ስድስት ወልጄ አሳድጌያለሁ፤ እንዲህ ያለ ቅብጠት አላየሁም» አሉ። እኔ ሕፃኑን እንደታቀፍኩ የግጥሜን ወረቀት አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ቃል አዋቂው!

ሊረዳት የተንቀሳቀሰ አንድ ሰው ብቻ ነው። ማዶ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ሸምሱ ሕዝቡን ገፍተው መጡ። «ብርቱካን ልጄ፣ ከሱቄ ጀርባ ያለው የቡና መጋዘኔ ባዶ ነው። ግቢውም ሰፊ ነው። ልጆቹ ይሩጡበት፤ አንቺ ተኚ» አሏት። ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ ደግሞ ያንን ጩኸት ተውና ልጅ ያዝ» አሉኝ።

መጋዘኑ ውስጥ ባዶ ጆንያ ላይ ተኛች። እስከ አሥር ሰዓት አልነቃችም። እኔ ትልቋን እያባረርኩ፣ ትንሹን አዝዬ ዋልኩ። ገና ስምንት ሰዓት ሳይሆን እኔም ልጮህባቸው ደርሼ ነበር። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ክትትል ጀመረች። እስኪሻላት ድረስ ወራት ፈጀ፤ የጋሽ ሸምሱ ግቢ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ለልጆቹ አልተዘጋም።

ዛሬ ብርቱካን ደህና ናት። ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተዋል። እኔ ከኮሚቴው የምስክር ወረቀት ተሰጥቶኛል።

ሰዎች አሁንም መንገድ ላይ ያስቆሙኛል። «ያቺ የገነቷ ግጥም!» ብለው በቃላቸው ይወጡልኛል፤ እትዬ አልማዝ ሳይቀሩ። እህቴ በዚያው ማይክ የተናገረችውን ግን እስከ ዛሬ አንድ ሰው አንስቶልኝ አያውቅም። የዚያን ቀን በቃል መያዝ የነበረበት የእሷ ነበር።