በስልክ የተባረከችው ዶሮ

ሌላው ሰው ከአገሩ የወጣበትን ሲያወራ ጨለማ አለ፣ ደላላ አለ፣ በረሃ አለ። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ የቦሳ ኪቶ ሰፈር ሰው ደጅ ወጥቶ እያየኝ፣ ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ቀን። ፍርሃቱ ግን ያው ነው፤ እንዲያውም ሰው ሲያይ ይብሳል።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። ሻንጣዬ መንገድ ላይ እንዳይፈነዳ ብሎ ዚፑን በወፍራም ክር ዙሪያውን ሰፋው። ውስጡ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የገንፎ ዱቄት፣ ንጥር ቅቤና ገበያ ላይ የምሸጠው ኮረሪማ ነበር። የጎረቤቴ የአዴ ዘይነባ ነገር ደግሞ አይረሳኝም። «አንቺ ሊፍት እንኳ ትፈሪያለሽ፣ አውሮፕላኑን እንዴት ልትሆኚ ነው?» አለችኝ።

«ሊፍት ይወድቃላ» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና «እሱስ ይሁን፣ ነጋን ገሊ፣ በሰላም ግቢ» ብላ ፊቷን አዞረች። ያ ፊት ማዞሯ እስከ አዲስ አበባ ድረስ አብሮኝ ተሳፈረ።

የሄድኩት ለእንጀራ አይደለም፤ ለልጄ ነው። ሰብለ ህንድ አገር ለትምህርት ሄዳ የአገሩን ልጅ ሱኒልን አግብታ እዚያው ቀረች። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ጨነገፈ፤ ያን ቀን አጠገቧ አንዲት ሴት አልነበረችም። የባሏ ዘመዶች በጋብቻው ተቀይመው ደጇን አይረግጡም። አሁን ሁለተኛውን አርግዛ ደወለችና «እማ፣ ነይልኝ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። እኔ አራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ፤ ከጅማ ወጥቼ የማውቀው ሸቤን፣ የተወለድኩበትን ነው። ግን ስትወልድ ወገቧን የምይዘው እኔ ነኝ ብዬ ማልኩ።

ዴልሂ ላይ ፈታሹ ሻንጣዬን ሊከፍት ቢል የባለቤቴ ስፌት እንቢ አለው። መቀስ አስመጣ። ከኋላዬ የተሰለፈ ያገራችን ተማሪ ያስተረጉምልኛል። ሰውዬው ኮረሪማውን አንስቶ አሸተተና «ይሄ እኛም አገር አለ። የእኛ ይበልጣል» አለ።

ፈርቼ ራሴን ነቀነቅሁ። ግን ውሸቱን ነው።

ከዚያ ሱኒል ተቀብሎኝ ሰብለ ወደምትኖርበት ኦርቻ በባቡር ገባን። ኦርቻ ብታዩዋት ከሸቤ ብዙም አትበልጥም፤ አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ ገበያ፣ አንድ ወንዝ። ብቻ ከገበያው በላይ ቤተ መንግሥት አለ፣ ከጎኑ ሌላ ቤተ መንግሥት፣ ከዚያ ወዲህ እንደ ተራራ የቆመ ቤተ ጣዖት። ነገሥታቱ አልቀዋል፤ ቤታቸው ቀርቶ ቲማቲም ሻጮቹ ላይ ጥላውን ይጥላል። ሙቀቱን አታንሱብኝ። ዳቦ ቤት ምድጃ አፍ ላይ ቆሞ መዋል ማለት ነው። ጅማ ላይ ልብስ አልደርቅ አለኝ ብዬ ዝናቡን የረገምኩበትን አፌን ስንቴ መታሁት።

አከራያቸው ሻርማ ጂ ይባላል። «ጂ» እንደኛ «ጋሼ» ነው፤ ከስሙ ኋላ ይለጠፋል። ሽማግሌ ነው፣ ሚስቱ ሞታለች፣ እሱ ታች ነው እኛ ላይ። በዚያ ቤት ሥጋና እንቁላል አይገባም። የገባሁ ዕለት ደረጃው ሥር አቆመንና ሰብለን ጠየቃት፤ ምን እንደተባባሉ ኋላ ነው የነገረችኝ።

«እናትሽ ሥጋ ይበላሉ?»

«አትበላም።»

«እንቁላልስ?»

«አትበላም።»

«ወተት ግን ይጠጣሉ።»

«ወተትም ቅቤም አትነካም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አትቀምስም።»

ሰውዬው ራሱ በቀን አምስት ጊዜ ቻይ የሚሉትን በወተት የፈላ ሻይ የሚጠጣ ነውና አፈረ መሰለኝ። እንደ ልማዳቸው ለክብር ጎንበስ ብሎ እግሬን ነካ። እኔ ጫማዬን ሊወስድብኝ መስሎኝ እግሬን ሰበሰብኩ።

ላይ ስንወጣ «እስከ ፋሲካ ነው አላልሽውም?» አልኳት።

«እሱን አልጠየቀኝም፣ እማ።»

ከዚያ በኋላ የማጠፋው ጥፋት ሁሉ ለክብር ሆነብኝ። ግቢው መሀል መደብ ላይ ቁርጥ በሶብላ የመሰለ ተክል አለ። አሸተትኩት፤ የበሶብላ ዘመድ ነው። እሰይ ብዬ ለሽሮዬ ቀነጠስኩ። ለካስ ሻርማ ጂ በየጠዋቱ ውሃ እያፈሰሰ የሚሰግድለት ቅዱስ ተክል ነው። በመስኮት አይቶኝ ኖሮ «እኚህ ሴት ቅጠሉ ሳይነካው እህል አይቀምሱም» ብሎ ለጎረቤት አወራ። ሌላ ቀን ማተቤን አየና ሸሚዙን ገልጦ ከትከሻው የወረደ የራሱን ክር አሳየኝ። በሳምንቱ የሰፈሩ አሮጊቶች ሊሳለሙኝ ይመጡ ጀመር። «ማታ ጂ» ይሉኛል፣ እናታችን እንደማለት። እኔ አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ ላብ ያጠምቀኛል።

ያስፈራኝ ግን ቪዛው ነበር። የስልሳ ቀን የጎብኚ ቪዛ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ በዚያው ሳምንት አርብ ያልቃል። ልጁ የሚወለደው ደግሞ ከዚያ አንድ ወር ቆይቶ ነው። ማስረዘም ይቻላል ተብለን ከፍ ወዳለው ከተማ ቢሮ ሄድን። ሹሙ «አንቺ» ይበለኝ «እርስዎ» አላውቅም፤ ፊቱ ግን «አንቺ» ነው የሚለው።

«ምን ልታይ መጣሽ?»

«ልጄን።»

«አየሻት። ሌላስ?»

«ሆዷን።»

ሰብለ በጠረጴዛው ሥር ረገጠችኝ። «ጎብኚ ነሽ እኮ» አለ ሰውዬው። «ሰው ከዓለም ዳርቻ ቤተ መንግሥታችንን ሊያይ ይመጣል። በቤተ መንግሥት ከተማ ስትኖሪ ምን አየሽ?»

«ወጥ ቤቱን።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ከፋሲካችሁ በኋላ ማክሰኞ ነይ። ቤቴ ነው የምትኖረው ብሎ አከራይሽ የፈረመበትን ወረቀት ይዘሽ ነይ። እሱ ካልፈረመ አርብ ወደ አገርሽ ነሽ። ለጉብኝት የመጣሽ ከሆነም ጎብኚ።»

ነገሩን ሻርማ ጂ ሲሰማ ነጭ ልብሱን ለብሶ ራሱ ሊያስጎበኘኝ ተነሳ። ሱኒልም ሥራው አስጎብኚነት ነውና አብሮን ወጣ። እናንተ፣ እኔ እኮ ጅማ፣ ጅሬን ላይ ያለውን የንጉሡን ቤት ዕድሜዬን ሙሉ ከሥሩ ስኖር አንድ ቀን ወጥቼ አላየሁትም። እንግዳ ሲጠይቀኝ «እሱማ የት ይሄዳል» ነበር መልሴ። አሁን በሰው አገር፣ በጾም አንጀቴ፣ የሰው ንጉሥ ደረጃ እየቆጠርኩ እወጣለሁ። የድንጋይ መስኮቱ እንደ ጥልፍ ተፈልፍሏል፤ ባለቤቴ ቢያየው በየት በኩል እንደተሰፋ ይፈልግ ነበር። ወንዙ ዳር ያለው የነገሥታቱ መቃብር ላይ ደግሞ ጥንብ አንሳ ሰፍሯል። እኛ አገር ጥንብ አንሳ የሚሰበሰበው ቄራ ነው፤ የእነሱ ንጉሥ ላይ ተኮፍሶ ይኖራል።

ዝቅ ያለው ሌላው ቤተ ጣዖት ጋ ስንደርስ ጠመንጃ የያዘ ፖሊስ ተንደርድሮ መጣና ፊት ለፊታችን ቀጥ አለ። ያ ረቢ፣ ለቪዛዬ የመጣ መሰለኝ፤ ሻርማ ጂ ኋላ ተሸሸግሁ። ለካ ሰላምታ መስጠቱ ነው። እዚያ ያለው አምላካቸው ንጉሥም ነው፤ ለንጉሥ ደግሞ መሣሪያ ይነሳል።

ሱኒል ታሪኩን ነገረን። ንግሥቲቱ የአምላኳን ምስል ከሩቅ አገር አመጣች። ሊያኖሩት ያን ተራራ የመሰለውን ሕንጻ እየሠሩለት ነበር፤ አላለቀም። በሉ ለአንድ ሌሊት ብለው እሷ ቤት አሳረፉት። ጠዋት ሊያነሱት ቢሉ አልነሳም አለ። መጀመሪያ ካስቀመጣችሁኝ ወዲያ ንቅንቅ የለም አለ። በቃ የንግሥቲቱ ቤት ቤተ ጣዖት ሆኖ ቀረ።

«ለአንድ ሌሊት ብለው?» አልኩ።

«ለአንድ ሌሊት ብለው።»

እኔ ያዘንኩት ለንግሥቲቱ ነው። የባለቤቴ እናትም ለአንድ ሌሊት ብላ መጥታ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጣለች።

እንዲህ እያልን የፋሲካ ዋዜማ ደረሰ። ሰብለ ዶሮ ወጥ አማራት። ያረገዘች ሴት አምሯት ከቀረባት እኔ ምኑን መጣሁት? ሱኒል ከወንዙ ማዶ አንዲት ቀይ ዶሮ ገዝቶ በቱሪስት ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ጣራው ላይ አወጣት። ያኔ ነው ያላሰብነው የገጠመን። ማን ይረዳታል? እኔ ሴት ነኝ፤ አላርድም። ሱኒል ክርስቲያን አይደለም፤ ቢሆንም ኖሮ በዕድሜው ትንኝ እንኳ አልገደለም። ለባለቤቴ ደወልኩለት።

«ቀላል ነው» አለ። «በስመ አብውን እኔ ከዚህ እላለሁ። እሱ ቢላዋውን ያንቀሳቅስ። ስልኩን ዶሮዋ ጆሮ አስጠጊው።»

«ጆሮዋ የት ነው?»

«ዝም ብለሽ አስጠጊው።»

ሰብለ ስልኩን ያዘች፣ እኔ የዶሮዋን እግር፣ ሱኒል ዓይኑን ጨፍኖ ቢላዋውን። ባለቤቴ ከጅማ ጉሮሮውን ጠርጎ «በስመ አብ ወወልድ» ብሎ ሲጀምር ዶሮዋ እንዲህ ያለ ድምፅ ከሳጥን ሲወጣ ሰምታ አታውቅ፣ በረገገች። ከእጄ ወጣች፣ ከጣራው ዘለለች፣ ሄዳ ቅዱሱ ተክል ሥር አረፈች። ሻርማ ጂ ውሃ እያጠጣ ነበር።

እኔ በባዶ እግሬ፣ እጄን ዘርግቼ ደረጃውን ወረድኩ። ሰውዬው ዶሮዋን አየ፣ እኔን አየ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ። ሰብለ ከላይ ሆና ሰምታዋለች፤ «ከአራጅ እጅ አስጣሏት» ነው ያለው። እህል በተነላት። ጎረቤት ተጠራ። ሱኒል ቢላዋውን ሱሪው ውስጥ እንደደበቀ እስኪመሽ አልተቀመጠም።

በፋሲካ ጠዋት ጾሜን በቻይ ፈታሁ፤ እዚያ ከገባሁ መጀመሪያ የጠጣሁት ወተት ነው። ሻርማ ጂ በናስ ትሪ ጣፋጭ ተሸክሞ መጣ፤ ወረቀቱንና ብዕሩንም ይዟል። እስከ ማክሰኞ ምን ያስጠብቀኛል፣ ለእንዲህ ያሉ ሴት ዛሬውኑ ልፈርም ብሎ ነው። ብዕሩን ከፈተ።

ሃምሳ አምስት ቀን ጾሜ፣ በትንሣኤው ቀን ሰው አታልዬ ላስፈርም?

«ንገሪው» አልኳት ሰብለን።

«እማ ተይ። መጀመሪያ ይፈርም።»

«ንገሪው፤ አለዚያ ራሴ እነግረዋለሁ።»

«በምን ቋንቋሽ?»

ተነስቼ በመስኮት ታች ያለችውን ዶሮ በጣቴ አሳየሁት። ከዚያ አፌን አሳየሁት። ከዚያ አኘክሁ፤ ዋጥኩም፤ ሆዴንም መታ መታ አደረግሁ።

ሻርማ ጂ ብዕሩን ከደነው። ሰብለ እያለቀሰች የቀረውን ነገረችው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ «በዓመት ስንት ቀን ነው የሚጾሙት?»

በጣቴ ጀመርኩ። ረቡዕና አርብ፣ ነነዌ፣ ሁዳዴ፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፣ ገሃድ። ጣቴ አለቀ። ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ነቅሎ ይዞ ወረደ። አልፈረመም።

ሰኞን እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔና ፈጣሪ እናውቃለን። ሻንጣዬን አውጥቼ የተቀደደውን ስፌት ስሰፋ ዋልኩ። ማክሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ሻርማ ጂ ነው። የቀን መቁጠሪያው በቀይ ቀለም ተዥጎርጉሯል፤ የፈረመበት ወረቀትም አለ።

«ከግማሽ ዓመት በላይ ከእኔ ይብሳሉ» አለ። «በቀዩ ቀን ቤቴ ቤትዎ ነው። በሌላው ቀን ያማረዎትን ከድልድዩ ማዶ ይብሉ፤ አልጠይቅም። ዶሮዋ ግን የእኔ ናት። ደጄ መጥታለች፣ አልመልሳትም።»

ሹሙ ማኅተሙን አንስቶ «እሺ፣ አሁንስ ምን አየሽ?» አለኝ። ቤተ መንግሥቱን፣ ጥንብ አንሳውን፣ አልነሳም ያለውን ንጉሥ ቆጠርኩለት። «ከሁሉ የትኛውን ወደድሽ?» ሲለኝ «ጥላውን» አልኩት። መታልኝ።

ሰብለ በወሩ ሴት ልጅ ወለደች። ወገቧን የያዝኩት እኔ ነኝ። ገንፎውን በንጥር ቅቤ አገነፋሁ፤ ሻርማ ጂም ቀምሶ ሦስት ብርጭቆ ውሃ ጠጣ። ዶሮዋ እንቁላል መጣል ጀመረች። እሱ አይበላ፣ አይጥል። በየጠዋቱ በቅጠል ሸፍኖ ደረጃችን ሥር ያስቀምጠውና ፊቱን አዙሮ ይሄዳል።

ቪዛዬ አንዴ ደግሞ ተራዘመ። ልጅቷን ጅማ ወስጄ ክርስትና ላስነሳ እላለሁ፤ ሰብለ «ትንሽ ትጠንክር» ትላለች፤ ሕፃኗ ደግሞ ጣቴን ይዛ ትተኛለች። ትናንት ባለቤቴ ደወለ።

«እዚህ ክረምቱ ገባ» አለ። «ጣራው ያፈሳል። አዴ ዘይነባ አልመጣችም ወይ ትላለች። መቼ ነው የምትመጪው?»

ምን እንደምለው ሳስብ ከታች ማስካካት ተሰማ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ዶሮ ናት።»

«የማን?»

«አንተ በስመ አብ ያልክባት።»

የጅማ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ በስልኩ ይሰማኛል።

«እስካሁን አልታረደችም?»

«አልታረደችም።»

«ለፋሲካ ብቻ አልነበር እንዴ የመጣችው?»

«ለፋሲካ ብቻ ነበር» አልኩት።

ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋነውም። እኔ ዝናቡን፣ እሱ ዶሮዋን እየሰማን ቆየን።