የየኔአለም መርጃን

ጥሩነሽ ደብረ ማርቆስ ገበያ ውስጥ፣ ከሸማ ሻጮቹ መደዳ መጨረሻ ተቀምጣ ዶቃ የምትሰካ ሴት ናት። የተበጠሰ ማተብ፣ የተፈታ ሐብል፣ ለሙሽራ የሚታሰር ጨሌ ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል። ይበልጥ የምትታወቀው ግን መርጃን በመለየት ነው። መርጃን ከባሕር የሚወጣ ቀይ ጌጥ ነው፤ እናት ለልጅ ስታወርሰው የኖረ። አሁን አሁን ገበያው ቀለም በተነከረ አጥንትና በፕላስቲክ ስለተሞላ፣ ልጁን የሚድር ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ጥሩነሽ ዘንድ ጎራ ይላል።

እሷም አትቸኩልም። ዶቃውን መጀመሪያ ጉንጯ ላይ ታስጠጋዋለች። እውነተኛው ይቀዘቅዛል፤ ፕላስቲኩ ግን ወዲያው ይሞቃል፣ እጅ ላይም ይቀላል። ከዚያ ወደ ፀሐይ ዞር አድርጋ፣ እንደ እንጨት ጅማት ቁልቁል የሚወርዱ ቀጫጭን መስመሮች ትፈልጋለች። ጥጥ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አርሳ ትወለውለዋለች፤ ጥጡ ከቀላ ነገሩ አለቀ። በመጨረሻ ክሩን ለቀቅ አድርጋ ቀዳዳውን ታያለች። መርጃን ውስጡም ውጭውም ቀይ ነው፤ የተነከረው ግን ቀለሙ አፉ ላይ ይቀርና ውስጡ ይነጣል።

የራሷን የአንገት ድሪ ግን አንድም ቀን መርምራው አታውቅም። ምን ብላ ትመርምረው? እናቷ አመተ ማርያም በገዛ እጇ ያሰረችላት ነው።

ያኔ ቤታቸው ቁይ አጠገብ ነበር። ታናሽ እህቷ የኔአለም ወታደር አግብታ ወደ አሥመራ ልትሄድ ስትነሣ፣ እናታቸው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ "የእናቴን መርጃን ለሁለት ከፍዬዋለሁ" ብላ አንድ አንድ ድሪ አሰረችላቸው። የኔአለም እህቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ አልለቅም አለች። ጥሩነሽ የጉዞው ጭንቀት ነው ብላ አሰበች።

የኔአለም ከአሥመራ አንድ ፎቶግራፍ ላከች፤ ሌላም ላከች። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ ወታደሩ ተበተነ፣ ወሬዋ ጠፋ። አንዱ ከተፈናቃይ ጋር ሱዳን ገብታለች ይላል፤ ሌላው እዚያው ቀርታለች ይላል። እናታቸውም "የኔዋ፣ የኔዋ" እንዳለች አረፈች። ጥሩነሽ አገባች፣ ወለደች፣ ባሏን ቀበረች፤ ደብረ ማርቆስ ገብታም ዶቃ መስካት ጀመረች። ድሪውን በጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣ ለዓመት በዓል ብቻ ታወጣዋለች። ቀለሙ እየደበዘዘ ሲሄድም አብሯት ያረጀ መሰላት።

ባለፈው ዓመት የማርያም ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ የነጠላዋ ጥለት ድሪውን ያዘውና ክሩ ተበጠሰ። ዶቃዎቹን ከመሬት ለቃቅማ ቤቷ ገባች። መርፌዋን አንሥታ የመጀመሪያውን ቀዳዳ ስታይ ውስጡ ነጭ ነው። ሁለተኛውን አነሣች፤ እሱም ነጭ ነው። እጇ አወቀው፣ ልቧ ግን እምቢ አለ። ጥጡን አርሳ ወለወለችው፤ ቀላ።

በማግስቱ ቁይ ሄደች። የእናቷ ወንድም፣ የኔታ አካለ ወልድ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ ሽማግሌ ናቸው። ከቤታቸው ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው።

"እንዴት ሰነበቱ፣ የኔታ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ልጄ፣ ፊትሽ እንዲህ የሆነ?"

ጨርቁን ፈትታ ጭናቸው ላይ ዘረጋችው። የኔታ አንዱን ዶቃ አንሥተው አገላበጡት። "ደረስሽበት በይኛ" አሉ።

"ያውቁ ነበር?"

"የገዛሁት እኔ ነኝ፣ ከደጀን። እናትሽ ልካኝ።"

ጥሩነሽ መደቡ ላይ ተቀመጠች። "እኔስ ልጇ አይደለሁም?"

"ይኼንኑ ጠይቄያታለሁ። 'ጥሩነሽ ቢቸግራት እኔ አለሁ፣ እርስዎ አሉ፣ ጎረቤት አለ። የኔአለም በሰው አገር ቢቸግራት ምን ሸጣ ትበላለች?' አለችኝ። የእናታችንን መርጃን ሙሉውን ለየኔአለም ነው የሰጠቻት። ግማሹን አንገቷ ላይ አሰረችው፣ ግማሹን ቀሚሷ ጠርዝ ውስጥ ሰፋችው። አንቺ ደግሞ ቅር እንዳይልሽ ይኼን አስመጣች።"

"የኔአለምስ ታውቅ ነበር?"

"ታውቃለች። እስከ ደጀን የሸኘኋት እኔ አይደለሁ? 'እህቴን አታለልናት' እያለች መንገዱን ሙሉ ስታለቅስ ነው የሄደችው።"

ጥሩነሽ እሳቸው ፊት አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችምም። ቁጣው የመጣው በኋላ፣ በመኪና ስትመለስ ነው። እናቷን ቀና ብላ "ለምን አልነገርሽኝም? በደስታ እሰጣት ነበር እኮ!" ልትላት ፈለገች። የምትላት እናት ግን የለችም። ከዚያ ቁጣው በረደና የኔአለም ብቻ ቀረች፤ ቀሚሷን ተርትራ፣ የማታውቀው ገበያ ላይ ቆማ፣ አንዷን ዶቃ በመዳፏ ይዛ ለማን እንደምትሸጣት ስታስብ ታየቻት። ደጋግማ ታየቻት። የተነከረውን ድሪዋንም በአዲስ ክር ሰካችው፤ ከዚያ ወዲህ ከአንገቷ አላወለቀችውም።

ሥራዋ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነላትም። በፊት እውነተኛ መርጃን እጇ ሲገባ ደስ ይላት ነበር። አሁን ጉንጯ ላይ ሲቀዘቅዝ እሷም አብራ ትቀዘቅዛለች።

በአንድ የገበያ ቀን አንዲት ወጣት በመሐረብ የቋጠረችውን ዘርግታ፣ "እትዬ፣ ልሸጣቸው ነው፤ እስቲ ይዩልኝ" አለቻት። ጥሩነሽ አንዷን አንሥታ ጉንጯ ላይ አደረገች። ቀዳዳዋን አየች፤ እስከ ውስጥ ቀይ ናት።

"የማን ናቸው?" ጥሩነሽ ዶቃዋን ሳትመልስላት ጠየቀች።

"የአያቴ።"

"አያትሽ የት አገር ሰው ናቸው?"

"ሞጣ። ወለተ ሰንበት ይባላሉ፤ ከሞጣ ወጥተው አያውቁም። ምነው፣ ሐሰተኛ ነው እንዴ?"

የእህቷ እንዳልሆነ የገባት ጥሩነሽ ዶቃዋን መለሰችላት። "እውነተኛ ነው፣ የኔ ልጅ። ባትሸጪው ይሻልሻል። የግድ ከሆነብሽም ማንም በርካሽ እንዳይወስድብሽ።" ልጅቷ አመስግና ሄደች። ጥሩነሽ መርፌዋን አንሥታ የጀመረችውን ማተብ መስካት ቀጠለች።

በዚያው ሳምንት ጨርቅ ይዞ ከመተማ ለመጣ አንድ ነጋዴ የእህቷን ስም፣ የአባቷን ስም፣ ቅንድቧ ላይ ያለውን ጠባሳ ነገረችው። ሱዳን የሚመላለሱ ጓደኞቼን እጠይቃለሁ አላት። እስካሁን ተመልሶ አልመጣም።