የአባቴ ስም ሲጠራ

ባለፈው ቅዳሜ ጅማ ቦሳ አዲስ ሰፈር ሠርግ ተጠርቼ ሄጄ፣ መድረክ መሪው ማይኩን ሲከፍት ድምፅ ማጉያው ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ለቀቀ። ሰዉ ጆሮውን ይዞ ሳቀ። እኔን ግን ያ ፉጨት ሁልጊዜ አሥረኛ ክፍል ሆኜ ጅማ አንድ አዳራሽ ውስጥ ከእናቴ አጠገብ ወደተቀመጥኩበት ቀን ይመልሰኛል።

አባቴ ያረፈው ከዚያ ቀደም ባለው ክረምት ላይ ነው። ታናሽ ወንድሙ፣ አጎቴ፣ የቡ ከተማ ዳር ያለችውን የቡና ማሳችንን እኔ ልያዛት፣ ሴት ብቻዋን አትችላትም ይል ነበር። እናቴ አንድ መከር ብቻ ታገሠኝ ብላ ለመነችው። ያን መከር ቀይ ቀዩን እየመረጠች ስትለቅም፣ ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ቡናው የተሰጣበትን የማድረቂያ አልጋ ስትሸፍን ከረመች። እጇ የተፈለፈለ ቡናን ኮምጠጥ ጣፈጥ የሚል ሽታ ይዞ ያድር ነበር። የቡና ጥራት ውድድር መኖሩን የነገርኳት እኔ ነኝ። እኛን ብሎ ተወዳዳሪ ብላ ሳቀችብኝ፤ ነዝንዤ ነዝንዤ ናሙናውን አስገባን። መዝጋቢዎቹ ማሳው በማን ስም እንደሆነ ብቻ ጠየቁ። በአባቴ ስም ነበር፤ በሕይወት ይኑር አይኑር ማንም አልጠየቀንም።

የሽልማቱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። አጎቴም ኮቱን ለብሶ ከፊታችን ተቀምጧል። ሦስተኛው ተጠራ፣ ሁለተኛው ተጠራ። ድምፅ ማጉያው ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ለቀቀና መድረክ መሪው "አንደኛ!" ብሎ የአባቴን ሙሉ ስም ጠራ።

ጭብጨባው ቀለጠ። እናቴ አልተነሳችም።

"ሰውየው ጠፉብን እንዴ? ደስታ እግራቸውን አሰረው መሰለኝ" አለ መድረክ መሪው። ሰዉ ሳቀ። አሁን ሳወራው እንኳ ፊቴ ይግላል። የእናቴን ሻርፕ ጫፍ ጎተትኩና "ተነሺ እንጂ፣ ሊያልፉን ነው" አልኳት። አልሰማችኝም። ዓይኗ የአዳራሹ በር ላይ ተተክሏል፤ ጥላኝ ልትወጣ መሰለኝ። መድረክ መሪው ከሌሉ ሽልማቱ ለሚቀጥለው ይሰጣል አለ።

ያኔ አጎቴ ኮቱን አስተካክሎ ተነሳ። "ወንድሜ ነው" አለ ጮክ ብሎ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ዋንጫውን ከተቀበለ ማሳዋም ተከትላ እንደምትሄድ ገብቶኛል። በዚያች ቅጽበት አጠገቤ ያለው ወንበር ሲጢጥ አለ። እናቴ በሰዉ ጉልበት መሃል ተሽሎክሉካ፣ አጎቴን ቀድማ ደረጃውን ወጣች። መድረክ መሪው ማን እንደሆነች ሲጠይቃት "ባለቤቴ አኼራ ሄዷል። ቡናውን የለቀምኩት እኔ ነኝ" አለች። አጎቴ ባለበት ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ የማሳዋን ነገር አንስቶ አያውቅም።

ወደ የቡ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ዋንጫውን በሻርፗ ጠቅልላ ታቅፋው ነበር። የእኔ ንዴት ግን አልበረደም። የሞተ ሰው ጠርተው ቀለዱበት እያልኩ ስንጨረጨር ቆየሁና፣ ለምን ቶሎ እንዳልተነሳች፣ ፈርታ እንደሆነ ጠየቅኳት።

የተጠቀለለውን ዋንጫ ወደ ራሷ አስጠጋች። ከዚያ "ኢንተላ ኮ" አለችኝ፣ በኦሮምኛ ልጄ ማለቷ ነው። "ስሙን ሲጠሩት በበሩ የሚገባ መስሎኝ ነበር። እንደማይመጣ ያወቅኩት ወንድሙ በእሱ ፈንታ ሲነሳ ነው።"