አካላዊ አለመግባባት

በዚያ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ሙሉ የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነበርኩ። ማንም አልመረጠኝም። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተባለና ተያዝኩ፤ በቃ። አባቴ አራዳ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ስለነበር ከልጅነቴ ጀምሮ ፊደሌን በማስመሪያ እየለካ ነው ያሳደገኝ። የሱን ድካም ደርግ መጥቶ ቁጭ ብሎ በላው። ስብሰባ በተባለ ቁጥር፣ ስብሰባ ደግሞ በሳምንት ሦስት ጊዜ ነበር፣ ጓደኞቼ ከኋላ ተደብቀው ሲያንቀላፉ እኔ ከፊት ተቀምጬ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» እያልኩ እጽፋለሁ። ያልጸደቀ ነገር ትዝ አይለኝም።

ኮሌጁ ከጎንደር ወጣ ብሎ በደባርቅ መንገድ ላይ የነበረ ትንሽ ማሠልጠኛ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ግቢውም ዛሬ ሌላ ነገር ሆኗል። ሊቀመንበራችን መምህርም ካድሬም ነበር። መምህርነቱን እንጃ፤ ካድሬነቱን ግን ይችልበታል። የሰውን ልጅ ኃጢአት በሙሉ በአራት አምስት ቃል ከፋፍሎ ጨርሶታል፤ አድኃሪ፣ አናርኪስት፣ ንዑስ ከበርቴ፣ ሥርዓት አልበኛ። ቁርስ ላይ ዳቦ ሁለቴ ያነሣ ሰው እንኳ ከነዚህ አንዷ ትደርሰዋለች። የአዲ አርቃይዋ ልጅ አቤቱታ ይዛ እስክትመጣ ድረስ ስም የሌለው ጥፋት አላጋጠመንም።

ልጅቱ በሴቶቹ መኝታ ክፍል፣ በተደራራቢው አልጋ ላይ፣ ከኔ በላይ ነበር የምትተኛው። ከአዲ አርቃይ ገጠር የመጣች፣ ደስ ያላት ሁሉ «ሸጋ ነው» የምትል፣ ጢም ያበቀለ ወንድ ባየች ቁጥር «አያ» የምትል ልጅ። በመጀመሪያው ሳምንት ስብሰባ ላይ እጇን አወጣችና «አያ ሊቀመንበር» አለችው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሰውየው ደም ሥሩ ተገትሮ «ጓድ በይ!» ሲላት «እሺ፣ አያ ጓድ» አለችው እርፍ። እሱን ቃለ ጉባኤው ላይ አልጻፍኩትም፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

የወጣት ማኅበሩ ተጠሪ የወደዳት ያኔ ነው መሰለኝ። ሁለተኛ ዓመት ነው፣ ካኪ ለባሽ ነው፣ ብብቱ ሥር ገልጦት የማያውቅ ወፍራም መጽሐፍ አለ። ሁላችንም «ታድላ!» አልን። እሷም ለጊዜው ሸጋ ነው አለች። ከዚያ ከማን ጋር እንደምትቀመጥ መጠየቅ ጀመረ፤ ከዚያ ከማን ጋር እንደማትቀመጥ መንገር ጀመረ። አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ፣ ከአንድ የክፍሏ ልጅ ጋር ስለሳቀች ብቻ፣ ጷ አደረጋት። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ምን እንዳልኳት ልንገራችሁ? «ቅናት ነው፤ ቢወድሽ ነው» አልኳት። ይህችን ምላስ ያኔ ነበር መቁረጥ።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት መፈክር የሚባዛበት ክፍል ጠራት። እጅ ያንሰኛል፣ ነይና አግዢኝ ብሎ። በሩን ከውስጥ ቆለፈው። ወደ መኝታ ክፍል ስትመለስ የሸሚዟ ጀርባ የማባዣ ቀለም ለቅልቆታል። አልጋዋ ላይ መውጣት አቃታትና እኔ አልጋ ላይ ተቀመጠች። ሰኞ ዕለት አቤቱታዋን ራሷ ጻፈች። አንድ ገጽ ነበር፤ ጥፊው አለበት፣ የተጠመዘዘው ክንዷ አለበት፣ የተቆለፈው በር አለበት። ሊቀመንበሩ ዘንድ ይዤላት የገባሁት እኔ ነኝ።

አነበበው። ደግሞ አነበበው። «ይሄ ምን ይባላል?» አለኝ።

«የሆነውን ነው የጻፈችው ጓድ።»

«የሆነውንማ አየሁት፤ ምን እንደሚባል ነው የምጠይቅሽ። ጓደኛዋ አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«እንግዲያስ!» አለና ወረቀቱን ገፋ አደረገው። ጉዳዩ የግል ነው ሊል ፈልጎ ነበር፤ ግን የግል የሚባል ነገር የለም ብሎ ባለፈው ወር ሦስት ሰዓት ያስተማረን እሱ ራሱ ነው። ስለዚህ ሌላ መላ ዘየደ። በደንቡ ላይ ያልተተረጎመ ጥፋት አይቀጣም አለ። የሴቶቹ ክፍል ጥፋቱን ተርጉሞ እስከ ሐሙስ ያቅርብ፤ እስከዚያ አቤቱታው ይቆይ። እንደማንችል እርግጠኛ ነበር።

ስምንት ሆነን ከትምህርት በኋላ በየአልጋው ላይ ሰብሰብ ብለን ተቀመጥን። እስክሪብቶው እንደተለመደው እኔ ዘንድ ነው። መጀመሪያ ያሾፍነው ማሾፍ! አንዷ «ያለ ፈቃድ እጅ መያዝ» ብለሽ ጻፊ አለች። ሌላዋ ልጁ መልከ መልካም ከሆነስ አለች። «መልከ መልካም ከሆነ በማስጠንቀቂያ ይታለፍ!» አለች ከድብ ባሕር የመጣችው ልጅ፤ እሷ አንደበቷ ለከት የለውም። በሳቅ ሆዳችንን ያዝን። በመንገድ ላይ «የኔ ቆንጆ» ማለት ይቆጠራል? አይቆጠርም። ከኋላ መከተልስ? እስከ ጫካው ድረስ ከሆነ ይቆጠራል። ጥፊስ? አንድ ጥፊ ነው ሁለት?

«ዝም ካለችስ?» አለች የድብ ባሕሯ፣ አሁን ሳትስቅ። «ዝም ማለት ፈቅዳለች ማለት ነው? እኔ ስደነግጥ ድምፄ ይጠፋል።»

ያን ጊዜ የአዲ አርቃይዋ ልጅ ከላይ፣ ከአልጋዋ ላይ፣ «እኔ ዝም አላልኩም» አለች። «ጮኼያለሁ። ማሽኑ ይጮህ ስለነበር ነው።»

ከዚያ በኋላ የቀለደ የለም። አንቀጾቹን እስኪመሽ ሳንቆይ ጨረስናቸው። የሚገርመው ቃሉ አልነበረም የቸገረን። እያንዳንዱ አንቀጽ ሲጻፍ አንዷ ቀና ትልና «እሱማ እኔም ላይ ደርሷል» ትላለች፣ ከዚያም ሌላዋ። ጓደኛም ቢሆን፣ እጮኛም ቢሆን፣ ትናንት እሺ ብላው ብትሆንም፣ ዛሬ እንቢ ካለች እንቢ ነው ብለን ጻፍን። ዝም ማለት እሺ ማለት አይደለም ብለን ጻፍን። አንድ ገጽ ተኩል ወጣው። እንዲያ ያለ ሸጋ ጽሑፍ በሕይወቴ አልጻፍኩም።

ሐሙስ ዕለት ሊቀመንበሩ ቀይ እስክሪብቶውን አወጣ። «ይሄ የምዕራባውያን ነው» አንድ መስመር። «ይሄ ወንድ ጓዶችን ያስቀይማል» ሌላ መስመር። «ዝም ማለት እሺ ካልሆነ ምንድን ነው ታዲያ?» አለና እሱንም ሰረዘው። ሲጨርስ ከአንድ ገጽ ተኩሉ የቀረው፣ እሱም ራሱ የጨመረው፣ አንዲት መስመር ነበረች፦ በጓዶች መካከል የሚፈጠር አካላዊ አለመግባባት። አካላዊ አለመግባባት! እንግዲህ ልጁ በክንዱ አንድ ሐሳብ አቅርቦ፣ ልጅቱ በክንዷ አልተስማማችም ማለት ነው።

አለመግባባት ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የሁለቱም ነው። ውሳኔው እንዲህ ሆነ፤ ቅዳሜ በጠቅላላ ስብሰባ ፊት ሁለቱም ግለ ሂስ ያደርጋሉ፣ እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ፣ ያልቃል። አልጨብጥም ካለች የጓድ ስም በማጥፋት ትባረራለች። ይህን የሚሰማ ሰው መባረር ምን ነበር ሊል ይችላል። ለሷ ነገሩ ሌላ ነው፤ አባቷ «ከተመለስሽ ባልሽ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሻል» ብሎ ነው ማኪና ላይ ያሳፈራት። ባል የተባለው ሰውዬ የአባቷ እኩያ ነው። ወይ የዚህን እጅ ትጨብጣለች፣ ወይ ለዚያ ትሰጣለች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት።

«ግለ ሂስ አድርጊ ተብዬ የለ? አደርጋለኋ» አለችኝ። የተሸነፈች መሰለኝ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መመገቢያ አዳራሹ ጢም አለ። ሽሮው ገና ይሸታል። መጀመሪያ ተጠሪው ተነሣ። ግለ ሂስ ለሱ እንደ ውኃ ነው። ስሜታዊነት አጥቅቶኝ ነበር አለ፣ ንዑስ ከበርቴያዊ ቅናት በውስጤ ርዝራዡ አለ አለ፣ ሂሴን እውጣለሁ አለ። ሞቅ ያለ ጭብጨባ። እኔም «ሞቅ ያለ ጭብጨባ» ብዬ ጻፍኩ፣ የት አባቴ እደርሳለሁ።

ቀጥላ እሷ ተነሣች። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በኛ ኮሌጅ ግለ ሂስ የሚያደርግ ሰው አይቋረጥም። ሊቀመንበሩ ራሱ ያወጣው ሕግ ነው፤ አንድ ጊዜ በራሱ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሂስ ሲያወርድ አንዱ ተማሪ «ይጠር» ብሎት ተናዶ ነው ያወጣው። ሕጉ በትልልቅ ፊደል ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከየትም ይነበባል።

«ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ በጥፊ ሲመታኝ» አለች፣ «መልሼ አለመምታቴ ጥፋቴ ነው። ሂሴን እውጣለሁ።»

ተጠሪው ቀና አለ፤ እሷ ቀጠለች።

«ክንዴን ሲጠመዝዘው ለሰው ሁሉ ወድቄ ነው ማለቴ ጥፋቴ ነው። ሂሴን እውጣለሁ። ማባዣ ክፍል ነይ ሲለኝ፣ ሥራ መስሎኝ መግባቴ ጥፋቴ ነው። በሩን ሲቆልፍ…»

«የሥነ ሥርዓት ጥያቄ!» ብሎ ተጠሪው ከመቀመጫው ዘለለ።

የድብ ባሕሯ ከኋላ «ግለ ሂስ አይቋረጥም!» አለች። ሊቀመንበሩ ግድግዳውን አየ። ሌላውም ሰው ሁሉ ግድግዳውን አየ። ምን ያድርግ? ልጁን ተቀመጥ አለው።

ልጅቱ ሁሉንም ተናገረችው። ድምፅዋ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተቆረጠው፤ ውኃ ጠየቀች፣ ጠጣች፣ ቀጠለች። የተሰረዘው አንድ ገጽ ተኩል፣ አንድም ሳይጎድል፣ ጥፋቴ ነው፣ ጥፋቴ ነው እየተባለ አዳራሹ ውስጥ ገባ። እኔ እየጻፍኩ ነው፤ ዕንባዬ ቀለሙን እንዳያበላሸው ደብተሩን እያሸሸሁ ነው የምጽፈው።

ስትቀመጥ የድብ ባሕሯ ተነሣች። «እኔም ግለ ሂስ አለኝ» አለች። ከዚያ አንዲት የአንደኛ ዓመት ልጅ፣ ስሟን እንኳ የማላውቃት፣ ቆመች። «ውጤቴን ለማየት ጓድ ሊቀመንበር ቢሮ ስገባ፣ በሩን ዘግተው ወገቤን ሲይዙኝ ጮኼ አለመውጣቴ ጥፋቴ ነው» አለች።

ያን በር አውቀዋለሁ። ቃለ ጉባኤ ላስፈርም በገባሁ ቁጥር ሰውየው በግራ እጁ ይፈርማል እንዴ እስክል ድረስ ቀኝ እጁ ጭኔ ላይ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ። «ቀለም አለቀብኝ» ብዬ ከመውጣት በቀር ቃል ተንፍሼ አላውቅም። ሌሎች ሦስት ተነሡ፣ አራት ተነሡ። እኔ አቀርቅሬ እጽፋለሁ። ስብሰባው ማንም የማንንም እጅ ሳይጨብጥ ተበተነ።

ሰኞ ጠዋት ሊቀመንበሩ ቢሮው አስጠራኝ። በሩን ክፍት ተወው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ከጭብጨባው በኋላ ያለውን ገጽ ቅደጂው» አለኝ። ገጹ ከተቀደደ ልጅቱ ምንም አልተናገረችም ማለት ነው፤ አልጨበጠችም ብቻ ይቀራል፣ ትባረራለች።

«ጓድ፣ በካርቦን ነበር የጻፍኩት» አልኩት። «ሁለተኛው ቅጂ ለክፍለ ሀገር ሄዷል።»

ካርቦን ወረቀት ካየሁ ስንት ወር ሆኖኝ ነበር! ጥራዝ ደብተር ላይ ማን በካርቦን ይጽፋል? ሰውየው ግን ፊቱ አመድ ለበሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጨባበጡን ነገር ያነሣ የለም። ተጠሪውን ሶሻሊስት አገር ለትምህርት ላኩት፤ ቅጣት ነው ተባልን። እንዲህ ያለ ቅጣት ምነው ለኛም በደረሰን! አካላዊ አለመግባባት ደንቡ ውስጥ እንደተጻፈ ቀረ። ልጅቱ ግን ተምራ ጨረሰች። አዲ አርቃይ የተመለሰችው የመምህርነት ደብዳቤዋን ይዛ ነው።

ልንመረቅ ሳምንት ሲቀረን ከቧንቧው ሥር ልብስ እያጠብን የሊቀመንበሩን እጅ ነገርኳት። ያን ያህል ጊዜ ከላይና ከታች ተኝተን፣ ለሷ እንኳ አልነገርኳትም ነበር። ማጠቧን ትታ አየችኝ።

«ታዲያ ያን ቀን ምነው አልተነሣሽ?»

«እጽፍ ነበራ!» አልኳት። «ማን ይጻፍ?»

«እስክሪብቶውን ብትሰጪኝ» አለች፣ «እኔ እጽፍልሽ ነበር።»