ማሳው ነው ችግሩ

ባለፈው ቅዳሜ ከማስተምርበት ከእንጭኒ ወደ ሆለታ ስወርድ የተሳፈርኩባት ሚኒባስ ስፒከሯ ያፏጭ ነበር። ሾፌሩ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ከመዝሙሩ ሥር አንድ ቀጭን «ዊይይይ» ይነሣል፣ ማርሽ ሲቀይር ዝቅ ይላል፣ ደግሞ ይነሣል። ሌላው ተሳፋሪ ፊቱን ሲያጨማድድ እኔ እንባዬ መጣ። ያንን ፉጨት አውቀዋለሁ፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ቤታችንን ሲያምሰው የከረመ ፉጨት ነው።

አባቴ ኦቦ ቶላ በአምቦና በጊንጪ መካከል የምትመላለስ አሮጌ ሚኒባስ ነበረው። ወጣት ተሳፋሪ የሚመርጠው ድምፁ ደረት የሚመታ መኪና መሆኑን ሲያይ፣ እሱም አምፕሊፋየርና ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ገዝቶ ከኋላ ወንበር ሥር አስገጠመ። የሚያጫውተው ግን ከቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን በፍላሽ ያስቀዳውን የኦሮምኛ መዝሙር ስለነበር ጎረምሶቹ ብዙም አልተንጋጉለትም፤ ይባስ ብሎ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያ ፉጨት ከመዘምራኑ ጋር አብሮ ይዘምር ገባ።

ያላደረገው ነገር የለም። ፍላሹን ቀየረ፣ ፊውዙን ቀየረ፣ የግራውን ስፒከር ወደ ቀኝ የቀኙን ወደ ግራ አዛወረ፣ ቴፑን ነቅሎ ውስጡን እፍ አለበት። ሞተሩ ሲጠፋ ዝም ይላል፤ ሲነሣ ያፏጫል። እናቴ ይጸለይበት አለች፣ ተጸለየበት። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ከወንበሩ ሥር ድመት ተረግጧል ብለው መኪናውን አስቁመው፣ ሁላችሁም ውረዱ ተብሎ ተፈትሿል።

በመጨረሻ አንድ ዓርብ፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ፣ መነኻሪያው አጠገብ ወደሚሠራው ኤሌክትሪሺያን ወደ ጀማል ሄድን። ጀማል ከደቡብ የመጣ፣ ኦሮምኛው ገና ያልተፍታታ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነበር። ከወንበሩ ሥር ገብቶ ትንሽ ቆየና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወጣ።

«ኦቦ ቶላ፣ ችግሩ ማሳው ነው» አለ። «ማሳው በደንብ አልተያዘም። እሱ ካልተስተካከለ ሌላውን ሁሉ ቢቀይሩት አይጠራም። ከጁምዓ ስመለስ እናየዋለን።»

ቆቡን አድርጎ ወደ መስጊድ ሄደ። አባቴ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

ማሳ በአማርኛ የእርሻ መሬት ነው፤ በኦሮምኛም «ማሲ» ስንል ያው እርሻ ነው። አባቴ ደግሞ ሸነን ውስጥ፣ ከታላቅ ወንድሙ ከኦቦ ዋቅጅራ እርሻ ጋር የተያያዘ፣ ከአያቴ የወረሰው ማሳ ነበረው። ሚኒባሷን ለመግዛት ሲል ወንድሙን ሳያማክር ማሳውን ለባዕድ ሰው በኮንትራት ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ አይነጋገሩም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ከድንኳኑ ሁለት ጥግ ነበር የሚቀመጡት። አባቴ የአጎቴን ስም ማንሣት ትቶ ነበር፤ የወንድሙ ናፍቆት ግን እያደር ሲያከሳው ሁላችንም እናይ ነበር።

«ማን ነገረው?» አለኝ፣ እኔን እንደ ትልቅ ሰው አፍጥጦ እያየ።

የሸነን ማሳ በምን ዞሮ አምቦ ላይ በስፒከር እንደሚያፏጭ ለእኔም አልገባኝም። ግን ትልቅ ሰው ያለው ነው፤ ደግሞ ተጸልዮበታል። አባቴ ጀማልን አልጠበቀም። አንድ ተሳፋሪ ሳይጭን ጉደርን አልፈን በዚያ አቧራ እየተንገጫገጭን ሸነን ገባን፤ ፉጨቱም መንገዱን ሙሉ አብሮን ነበር።

አጎቴ አጥሩን እየጠገነ አገኘነው። አባቴ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ወረደና ሰላምታውን ረስቶ፣ «ችግሩ ማሳው ነው አሉኝ» አለው።

«እነማን?»

«ኤሌክትሪሺያኑ።»

አጎቴ አባቴን አየ፤ ከዚያ ወደምታፏጨው መኪና ጆሮውን አዘንብሎ ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጠ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ።

«እውነቱን ነው» አለ። «ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ግባ።»

ሁለቱም አለቀሱ። አባቴ ኮንትራቱ ሲያልቅ ማሳውን አንተው እረሰው አለ፤ አጎቴ ደግሞ አንድ ሙክት ካላረድኩ ብሎ ሰፈሩን አተራመሰ። በማግስቱ ስንመለስ አባቴ መዝሙሩን ከፍ አድርጎ ከፈተና «ሰማሽ? ጠራ!» አለኝ። እኔ ግን ፉጨቱን እየሰማሁት ነበር። ቤት ስንደርስ እናቴም አዳምጣ፣ የባሏን ፊት አይታ፣ ጠርቷል አለች። ጆሮዬ ታሟል ብዬ ለብቻዬ ስጨነቅ ከረምኩ። ተሳፋሪ ሲያማርር አባቴ «የቱ ድምፅ?» ይል ነበር፤ መኪናዋን እስኪሸጣት ድረስም ወደ ጀማል ዝር አላለም።

የቅዳሜው ሾፌር ግን የተሳፋሪው ጭቅጭቅ ሲበዛበት መኪናውን ዳር አቁሞ ከወንበሩ ሥር ጎንበስ አለ።

«ማሳው ነው» አለ።

«የማን ማሳ?» ብዬ ጮህኩ። መኪናው ሙሉ ሰው ሳቀብኝ።

ማሳ የሚሉት ከአምፕሊፋየሩ ወጥቶ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረውን ሽቦ ነው። ሾፌሩ ብሎኑን ፈታ፣ ከሥሩ ያለውን ቀለም በቢላ ፋቀ፣ መልሶ አጠበቀው። ሞተሩን ሲያስነሣ መዝሙሩ ብቻ ተሰማ።

ሆለታ እንደወረድኩ ለአጎቴ ደወልኩና ነገሩን እየተንተባተብኩ ነገርኩት። እስኪያስለው ሳቀ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ በጉብዝናዬ የትራክተር ሾፌር ነበርኩ እኮ። ማሳው ምን እንደሆነ ጠፍቶኝ ነው?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩትም?»

«ሽቦ ነው ብለው ኖሮ ተመልሶ ይሄድ ነበራ!»

አባቴስ? ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መነኻሪያው መሐል ቆሜ የቀረሁት ለዚህ ነው። ፉጨቱ እውነት አይሰማውም ነበር? ወይስ እሱም በኋላ ገብቶት፣ ጀማል ሽቦዋን እንዳያጠብቅበት ነው የሸሸው? አጎቴ አያውቅም፣ እናቴም አታውቅም። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ልጠይቀው አልችልም።