መግሪብ ላይ የቆመችው ኳስ

ገበያ ውስጥ አንድ ነጋዴ የተምር ካርቶን ሲከፍት ሽታው ሸዋሮቢት ወደተማርኩበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሜዳ ወሰደኝ።

በልግ ነበር። ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ከተማው በሙሉ ይጾማል። የክፍሎች የዋንጫ ጨዋታ እኩል አልቆ መለያ ምት ውስጥ ገባን። የመጨረሻዋ ምት የተጋጣሚያችን ክፍል አጥቂ የከድር ናት፤ ካገባ ዋንጫው የእነሱ፣ ከሳተና እኩል ከወጣን ያምና አሸናፊዎች ስለሆንን የእኛ። በረኛው እኔ ነኝ። ከድር ሊንደረደር ሲል የጀንበር መጥለቂያው የመግሪብ አዛን ተሰማ።

"ቁም!" አሉ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሼ ይማም፣ ተምር በፌስታል ይዘው ሜዳው መሃል እየገቡ። "ኳስ ይጠብቃል፤ መግሪብ አይጠብቅም!"

ከድር ከፌስታሉ ከወሰደው አንዱን ተምር ለእኔ ዘረጋልኝ። "እንካ፣ የጾም ነው።"

"ጉቦ ነው እንዴ?"

"ኧረ ስትሸነፍ አፍህን እንዳይመርህ ነው!"

ሜዳው በሳቅ አበደ።

ፍሬውን ሳልተፋ ፊሽካ ተነፋ። ለዓይን ያዝ ማድረግ ጀምሯል። ከድር መታ፤ ዘልዬ ወደቅሁ፤ ኳሷ ቋሚውን ታክካ ሽው አለች። ጎሉ መረብ የለውም፤ ግማሹ "ጎል!" ግማሹ "ውጪ!" እያለ ጮኸ፤ ዳኛውም አልለየውም። ሁለቱም ክፍል ጨፈረ። ወደ ጋሼ ይማም ሮጥን።

"እኔ እያፈጠርኩ ነበር፤ አትጠይቁኝ!" አሉ።

ዛሬም ከድር በባጃጁ ሲያልፈኝ አንገቱን አውጥቶ "ጎል ናት!" ይለኛል። እኔም፣ ሰው ዝምተኛ የሚለኝ፣ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ "ውጪ ናት!" ብዬ እጮሃለሁ።